የገጽ መቶ አሥራ ሁለት ግርጌ

ሰኔ ሲገባ ዲላ ውስጥ ጥራዝ የሚሠራ ሰው ለፍቅር ጊዜ የለውም። የተመራቂው ሁሉ ጽሑፍ በአንድ ሳምንት ይመጣል፤ ሁሉም «ለነገ ይድረስልኝ» ይላል፤ መብራት ይጠፋል፤ ዝናቡ ኮላ አላስደርቅ ይላል። ጠራዡን ይዲድያንም አንዲት ወጣት ያገኘችው ዩኒቨርሲቲው በር አጠገብ ባለችው ጠባብ ጥራዝ ቤት ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ሲሰፋ ነው።

ቀና እንኳ ሳይል ጠየቃት።

«ጥቁር ሽፋን ነው ሰማያዊ?»

«የምኑ?»

«የመመረቂያ ጽሑፍሽ።»

«እኔ ከተመረቅሁ አራት ዓመቴ ነው» አለች። «ይኼ ደግሞ ከእኔ በፊት የተመረቀ ነው።»

ያን ጊዜ ቀና አለ። ባይል ይሻለው ነበር! የፋርማሲ ነጭ ጋውን ለብሳለች፤ ፀጉሯ በዝናብ ርሷል። ራሷ እየበሰበሰች በሁለት ፌስታል የጠቀለለችውን ነገር ግን ጠብታ አላስነካችውም። ፌስታሉን ፈትታ በሁለት እጇ ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጠው፣ ይዲድያ የሚያየው መጽሐፉን ሳይሆን እጆቿን ነበር። ጥፋቱ የጀመረው እዚያ ላይ ነው።

ሥርጉት ትባላለች። መጽሐፉ «የእልፍነሽ ድንኳን» ይባላል፤ በዘመነ መሳፍንት ዘመቻ ሄዶ የቀረ እጮኛዋን፣ ወንዝ ዳር ድንኳን ተክላ ሰባት ክረምት የጠበቀች ሴት ታሪክ ነው። አያቷ ጋሽ ዘርዓብሩክ በወጣትነታቸው ከጎጃም ለአስተማሪነት ዲላ ሲመደቡ በሻንጣቸው ይዘውት መጡ። እሳቸው አነበቡት፣ ሚስታቸው አነበቡት፣ ልጃቸው አነበበችው፣ የልጅ ልጃቸው አነበበችው። አሁን ጀርባው ተገንጥሎ ክሩ ተበጥሷል።

«አባባ ሁለቱም ዓይኑ በሞራ ከተጋረደ ሦስት ዓመት ሆነው» አለች ሥርጉት። «በሚመጣው ሳምንት ሐዋሳ ሊሠሩለት ነው። 'ዓይኔ ሲበራ መጀመሪያ የማነበው መንበረን ነው' ይላል። መንበረ አያቴ ናት። ካረፈች አራት ዓመቷ ነው።»

«ሰው ደግሞ እንዴት ይነበባል?»

ሥርጉት ፈገግ አለች። «ስትሰፋው ታየዋለህ።»

ሦስት ተማሪዎች ወረቀታቸውን ታቅፈው እየተገፋፉ ገቡ። እሷም ወጥታ ከበሩ ተመለሰች።

«አደራህን! ከውስጡ አንድ ነገር እንዳይጎድል።»

«ሐሙስ ነይ» አለ ይዲድያ። ስሟን ደረሰኙ ላይ ሁለት ጊዜ መጻፉን ያስተዋለው ከሄደች በኋላ ነው።

እንግዲህ ጥራዝ እንዲህ ነው የሚሠራው፤ ገጾቹ ይሰፋሉ፣ ጀርባው ኮላ ይቀባል፣ ከዚያ ሦስቱ ጠርዝ ጣት በሚያህል ስፋት በመቁረጫው ይከረከማል፤ ያን ጊዜ ጠርዙ እንደ ዳቦ ልሙጥ ይሆናል። ረቡዕ ዕለት ይዲድያ አርባ ሁለት መመረቂያ ጽሑፍ ከረከመ። አርባ ሦስተኛው «የእልፍነሽ ድንኳን» ነበር። እጁ የለመደውን ሠራ። ልቡ ግን ሐሙስ ደርሶ ነበር፤ «ምሳ በልተሻል?» ብዬ ልጠይቃት ይሆን፣ ወይስ ድፍረት ይሆንብኛል እያለ።

ሐሙስ ጠዋት ሽፋኑን ሊያለብሰው ሲገልጠው ያደረገውን አየ። በየገጹ ጠርዝ ላይ የእርሳስና የቢክ ጽሑፍ አለ፤ ጽሑፉ ሁሉ እኩሌታው የለም። አንዱ ገጽ ላይ «መን» ይላል፣ «በረ» የለም። ሌላው ላይ «እኔ ብሆን አንድ ክረ» ይላል፣ እዚያው ይቀራል። ስልሳ ሰባ ገጽ ላይ የሰው ቃል ለሁለት ተቆርጧል።

ወደ ቁርጥራጭ ማጠራቀሚያው ጆንያ ሮጠ። ባዶ ነው።

«ቆንጅት ትናንት ማታ ወሰደችው» አለ የቤቱ ባለቤት ጋሽ በቀለ። «ምነው ፊትህ አመድ መሰለ?»

ወይዘሮ ቆንጅት ከዲላ አጠገብ የምትገኘው የጪጩ እንቁላል ነጋዴ ናቸው። የጥራዝ ቤቱን ቁርጥራጭ ወረቀት በየሳምንቱ ይወስዱና እንቁላሉ እንዳይሰበር በየቅርጫቱ ይጎዘጉዙታል። ይዲድያ ጃኬቱን አንሥቶ ሊወጣ ሲል ሥርጉት በሩ ላይ ቆማለች። የምሳ ሰዓቷን ሳትጠብቅ፣ ከፋርማሲው አስፈቅዳ ነው የመጣችው።

«አየኸው?» አለች ዓይኗ እየበራ። «አያቴን አየሃት?»

ይዲድያ መጽሐፉን በጨርቅ ሸፈነው። «አየሁ... ትንሽ ትንሽ።»

«ገጽ መቶ አሥራ ሁለትን ሳታይ አይቀርም! እማማ መንበረ ያኔ ስልክ ቤት ነበር የምትሠራው። አባባ መጽሐፉን አዋሳት፤ እልፍነሽ ድንኳኑን ስትተክል ያለው ገጽ ጎን ላይ 'መንበረ፣ አንቺ ብትሆኚ ትጠብቂው ነበር?' ብሎ ጽፎ። እሷ አንብባ ስትመልስለት ግርጌው ላይ ጽፋለታለች። በዚያ ነው የተጋቡት።»

«ምን ብለው መለሱ?»

«ማንም አያውቅም! እዚያ ገጽ ሲደርስ ግርጌውን በአውራ ጣቱ ይሸፍነዋል። እናቴም፣ እኔም ሳናየው አደግን። ተደብቄ እንዳላይ ደግሞ ፈራሁ... የእነሱ ነው ብዬ። ዝግጁ ነው?»

«ኮላው አልደረቀም» አለ ይዲድያ።

ሞተር ተሳፍሮ ጪጩ ሲደርስ ወይዘሮ ቆንጅት ስድስት ቅርጫት እንቁላል ደርድረዋል። ነገሩን ሲነግራቸው መጀመሪያ ሳቁ።

«እንቁላል ጠፋ ብሎ የሚያለቅስ ሰው አውቃለሁ። ወረቀት ጠፋ ብሎ የሚያለቅስ ዛሬ ገና አየሁ።»

«እትዬ ቆንጅት፣ በእግዚአብሔር...»

ፊቱን አዩትና ሳቃቸውን ዋጡት። «ልጅቱ ቆንጆ ናት?»

«የምን ልጅ?»

«ለወረቀት ብቻ ማንም እንዲህ አይሆንም። ና፣ ተቀመጥ። አንዱን እንቁላል ብትሰብር ግን ወዮልህ!»

እስኪመሽ ድረስ እንቁላል እያወጡ ወረቀት ለቀሙ። የተማሪዎቹ ጠርዝ ነጭ ነው፤ የመጽሐፉ ግን ከዕድሜው ብዛት ደረቅ የቡና ቅጠል መስሏል፤ በዚያ ለዩት። ከአንዱ ቅርጫት ጥቂት ወረቀት ጠዋት ምድጃ ማቀጣጠያ ሆኗል።

ቅዳሜ ሥርጉት እንደገና መጣች። እሱ «ኮላው...» ብሎ ሊጀምር ሲል አቋረጠችው። ፊቷ ግን አልተቆጣም፤ እንደ መቅላት ብሏል።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ? እውነቱን ንገረኝ።»

«እሺ» አለ።

«ለኔ ብለህ ነው የምታዘገየው? እንድመላለስ?»

እውነቱ ከንፈሩ ላይ ነበር። ያን ጊዜ ተናግሮ ቢሆን ኖሮ ይህ ታሪክ እዚህ ያልቅ ነበር። ሰው ግን ሲፈራ አቋራጭ መንገድ ይወዳል።

«አዎ» አለ።

ሥርጉት መሬት መሬት አየች። «ሞኝ!» አለችው ቀስ ብላ። «እንዲያውም ባታዘገየውም እመጣ ነበር።»

ወጣች። ይዲድያ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። የወደዳት ልጅ እንደወደደችው የሰማው በውሸቱ ምክንያት ነው። ከዚህ የባሰ ደስታ አለ?

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት፣ ቀን ደግሞ በምሳ ሰዓት፣ ቁራጮቹን አንድ በአንድ ከየገጻቸው ጋር ያገናኝ ጀመር። እኩል ፊደል ከእኩል ፊደል ሲገጥም በስስ ወረቀትና በብሩሽ ያጣብቃል። ሲያጣብቅ ያነባል። የሥርጉት እናት ሰላማዊት በአሥራ አምስት ዓመቷ «እኔ ብሆን አንድ ክረምት ብቻ! ከዚያ አገባ ነበር» ብላለች። እማማ መንበረ ከሥሯ «አንቺ ቁጭ ብለሽ አጥኚ» ብለው ጽፈዋል። አንድ ቦታ፣ በክብ የልጅ ፊደል «ይኼ ሰውዬ ስልክ የለውም?» የሚል አለ፤ ሥርጉት፣ በአሥራ አራት ዓመቷ። ይዲድያ ብቻውን ሳቀ፤ ሳቁ ሳያልቅ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እጆቿን አይቶ ነበር የወደዳት፤ አሁን ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ያውቃት መሰለው። ያወቃት ራሱ በቆረጠው ነገር ነው።

ማክሰኞ ሁሉም ተገጣጥሞ ሲያልቅ የጎደሉት ሰባት ቁራጮች ብቻ ሆኑ። የስድስቱ ገጽ ላይ የተቆረጠ ፊደል ስለሌለ ባዶ እንደነበሩ ገባው። ሰባተኛው የገጽ መቶ አሥራ ሁለት ግርጌ ነው። የጎኑ ጥያቄ ተገኝቷል። መልሱ የለም።

«ጽሑፉ እርሳስ አይደለም እንዴ?» አለ ጋሽ በቀለ፤ ሥራው መጓተቱ አስመርሮታል። «ቆርጠህ ለጥፍና ጻፍበት! ሽማግሌው በምን ያውቃሉ?»

«ምን ብዬ?»

«ሴት ምን ትላለች? 'እጠብቃለሁ' ነዋ።»

ይዲድያ ያረጀ ባዶ ወረቀት ፈልጎ፣ በልኩ ቆርጦ ግርጌው ላይ ለጠፈ። እርሳሱንም አነሣ። የእማማ መንበረን እጅ ጽሑፍ አሁን ከራሱ በላይ ያውቀዋል፤ የ«ለ»ን እግር እንዴት እንደሚጠመዝዙት ሳይቀር። እርሳሱን መልሶ አስቀመጠ። የሰው ሕይወት የቆመበትን ቃል እንዴት አድርጎ ከራሱ ያመጣል?

ቀና ሲል ሥርጉት ቆማለች።

በነጋታው አያቷን ይዛ ሐዋሳ ስለምትሄድ ልትሰናበተው ነበር የመጣችው። ጠረጴዛው ላይ መጽሐፉ ቁራጮቹ እንደተለጠፉበት ተቀምጧል። ገጾቹን በጣቷ ገለጠች። «ስልክ የለውም?» የሚለው ላይ አፈጠጠች።

«ይኼ የኔ ጽሑፍ ነው» አለች። «ለምን... ቆረጥከው?»

«ሥርጉት፣ ልንገርሽ...»

«መቶ አሥራ ሁለትስ?»

ይዲድያ መጽሐፉን በመዳፉ ሸፈነው።

«ይዲድያ! ግርጌው የት አለ?»

«አጣሁት። ጪጩ ድረስ ሄጄ ፈለግሁ... አጣሁት።»

አልጮኸችም። ብትጮህ ይቀለው ነበር። መጽሐፉን ሳይሆን እሱን ረጅም ጊዜ አየችው።

«ቅዳሜ 'አዎ' ያልከኝ ለዚህ ነበር?»

ይዲድያ አንገቱን ደፋ።

«መጽሐፉን ብቻ ቆርጠህ ቢሆን...» ብላ ጀመረችና ተወችው። ጋውኗን ሰበሰበች። «ለአባባ እኔ አልነግረውም። ሰኞ ማንበብ ይፈቀድለታል። መጥተህ ራስህ ትነግረዋለህ፤ ፊት ለፊት።»

ስድስቱን ቀን ይዲድያ እንዴት እንደገፋቸው እሱ ነው የሚያውቀው። ደወለ፤ አታነሣም። «ቀዶ ጥገናው እንዴት ሆነ?» ብሎ ጻፈ፤ «ደህና» የሚል አንድ ቃል ብቻ መጣለት። ያችን ቃል አሥር ጊዜ አነበባት። አንድ ጊዜ እናቱ ወዳሉበት ጨለለቅቱ ሊጠፋ አሰበ፤ መጽሐፉን በሰው ልኮ። ግን «አደራህን» ያለችው ድምፅ ከጆሮው አልወጣ አለ።

ሰኞ ዝናብ ነበር። መጽሐፉን በሁለት ፌስታል ጠቅልሎ፣ እሷ እንዳመጣችው አድርጎ፣ የጋሽ ዘርዓብሩክን በር አንኳኳ። የከፈተችው ሥርጉት ናት። መንገድ ለቀቀችለት።

ጋሽ ዘርዓብሩክ መስኮት ሥር ተቀምጠዋል። ጥቁር መነጽራቸውን አውርደው አዩት፤ ሦስት ዓመት ሰው ያላዩ ዓይኖች ናቸውና አስተያየታቸው ያስፈራል።

«ጠራዡ ነህ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«መልክህ ደህና ነው። ምነው ታዲያ ትንቀጠቀጣለህ?»

ይዲድያ ቁጭ አላለም። ቆሞ ነገራቸው፤ ጠርዙን እንደከረከመው፣ ቁራጩ ጪጩ እንቁላል ቅርጫት ውስጥ እንደተገኘ፣ ሥርጉትን እንደዋሻት፣ ሁሉንም።

«ሁሉንም መልሼአለሁ፣ ጋሼ። የመቶ አሥራ ሁለት ግርጌ ብቻ... እሱን አላገኘሁትም። ባዶ ወረቀት ነው የለጠፍኩበት። ልጽፍበት እርሳስ አንሥቼ ነበር። አልቻልኩም።»

ሽማግሌው መጽሐፉን ተቀበሉ። ስፌቱን ዳሰሱ። ገጾቹን ቀስ ብለው ገለጡ፤ ቁራጭ ከገጹ በተገናኘበት መስመር ላይ ጣታቸውን እያስኬዱ። መቶ አሥራ ሁለት ላይ ቆሙ። ሥርጉት እጇን አፏ ላይ አደረገች። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ያለቀሱ መሰላት።

እየሳቁ ነበር!

«አንተ ልጅ» አሉ፣ ዓይናቸውን በመሐረብ ጫፍ እየነካኩ፤ «እኔ አፈር ውስጥ ያስቀመጥኩትን ነው ጪጩ እንቁላል ውስጥ ስትፈልግ የከረምከው?»

«አባባ?» አለች ሥርጉት።

«መንበረ ያረፈች ቀን፣ ሳትገነዝ፣ ግርጌውን ጣት በማይሞላ ስፋት በመቀስ ቆርጬ እጇ ላይ አስያዝኳት። ለማንም አልተናገርኩም። መልሷን ይዛ ትሂድ ብዬ ነው።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል።

«ምን ነበር የሚለው?» አለች ሥርጉት በቀስታ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያልጠየቀችውን ነው።

ጋሽ ዘርዓብሩክ መስኮቱን አዩ። «'እጠብቀዋለሁ። ግን እንዳይዘገይ' ነበር የሚለው።» ትንፋሽ ወሰዱ። «ይኸው አራት ዓመት ዘገየሁባት። እናንተ ደግሞ ዓይን አሠርታችሁ ጭራሽ ልታዘገዩኝ ነው።»

ሥርጉት ጉልበታቸው ሥር ተንበርክካ አለቀሰች። ይዲድያም ወደ በሩ ዞረ፤ መሄጃው የደረሰ መስሎት።

«ወዴት ነው?» አሉት። «ያልጠፋ ነገር ጠፋብኝ ብለህ የሰው ፊት ለማየት መጣህ። የጠፋበትን ደብቆ የሚኖር ስንት አለ! ያን ስድስት ቅርጫት መፈተሽህ ካሳህ ይሁን፤ የኔ ጉዳይ አልቋል። የዚህችን ግን እኔ አልፈርድም፣ የዋሸኸው እሷን ነው።»

ከመስኮቱ ደፍ እርሳስ አነሡና ለልጅ ልጃቸው ሰጧት።

«ጥያቄው ጎኑ ላይ አለ። ግርጌው ባዶ ነው። ወይ ጻፊበት፣ ወይ መጽሐፉን ዝጊው።»

ሥርጉት እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። እርሳሱን ይዛ ቆየች... መጽሐፉን ልትዘጋው ነው ብሎ አሰበ ይዲድያ። እጇን ወደ ሽፋኑ ልካ ነበርና። ከዚያ ግን ጎንበስ አለች። ጽፋ ስትጨርስ መጽሐፉን ወደ እሱ አዞረችው።

«ጠብቄዋለሁ። አሥራ አንድ ቀን ዘገየ» ይላል።

አነበበው። መልሶ አነበበው።

«ያንን ጥያቄ ድጋሚ ልጠይቅህ ነው» አለችው፤ ፊቷ ገና እንደ ረጠበ። «ለኔ ብለህ ነው ያዘገየኸው? ብትዋሽ ግን...»

«የመጀመሪያውን ቀን ፈርቼ ነው» አለ ይዲድያ። «ከዚያ ወዲያ ያለውን... ያንቺን ጽሑፍ ካነበብኩ ወዲያ ያለውን፣ አዎ። ሁሉንም ላንቺ ብዬ ነው። ሥርጉት፣ እኔ እወድሻለሁ። ይኼን ቅዳሜ ነበር መናገር የነበረብኝ።»

«ዘገየህ» አለች፤ ግን እጁን ይዛው ነበር።

የውጩ በር ተንኳኳ። የሥርጉት እናት ሰላማዊት ከገበያ ተመልሳ ጃንጥላዋን እያራገፈች ገባች። የአባቷን የበራ ዓይን፣ የልጇን ያለቀሰ ፊት፣ እጇን የያዘውን የማታውቀውን ወጣት ተራ በተራ አየች።

«ምንድን ነው ነገሩ? መጽሐፉ ተጠገነ? የቱ ገጽ ነው፣ አሳዩኝ እስቲ!»

ጋሽ ዘርዓብሩክ መጽሐፉን ወደ እሷ ዘረጉላትና ግርጌውን በአውራ ጣታቸው ሸፈኑት።